ፊደል የማይበላ ኮምፒውተር፦ የእህቴ ጽሕፈት ቤት የሊኑክስ ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2

እህቴ ከአንድ ፍርድ ቤት አጥር ማዶ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ አላት። ሦስት ዴስክቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን። ዴስክቶፖቹ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ራም ያላቸው ናቸው፤ ጠዋት ተከፍተው ለሥራ እስኪበቁ በር ላይ ሰው ይሰለፋል። የሚሰለፈው ደግሞ ችሎቱ ሊጠራ ሰዓቱ የደረሰበት ሰው ነው። ክስም ይሁን መልስ፣ ይግባኝም ይሁን የዕግድ አቤቱታ፣ በቀኑ ካልገባ ልፋቱ ከንቱ ነው።

አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ዘንድሮ አይታሰብም። ስለዚህ ነፃውን ሥርዓተ ክወና ሊኑክስን ልጭንላት ተስማማን። በዋናው ወንበር የሚቀመጡት እትዬ ናቸው፤ ታይፕ መምታት የጀመሩት በ1980 ዓ.ም. በብረት ታይፕራይተር ነው፤ ዛሬም ኪቦርዱን ሳያዩ ነው የሚመቱት። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው እጃቸውን ከሥራ ሳያነሱ መለሱልኝ፦

«ልጄ፣ የጻፍኩት ፊደል ሳይለወጥ ይውጣልኝ። በየቀኑ የምደጋግመውን ደግሞ አታስደግመኝ።»

ይህን ደብተሬ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ሥራው ይኸው ነው።

ማታ የመጀመሪያውን ማሽን ይዤ ተቀመጥኩ። ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱን፣ ዴቢያን 13 ባለ64 ቢቱን ጫንኩ፤ ትልልቆቹን ዴስክቶፖች ግን ተውኳቸው። ሊኑክስ ላይ «ዴስክቶፕ» የምንለው አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ኤክስ ሰርቨሩ ስክሪኑን ይሥላል፣ ቁልፍና ማውስ ይቀበላል፤ የመስኮቱን ፍሬም፣ ቦታና መጠን የሚወስነው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ታች ያለው አሞሌ ሌላ፣ ምናሌው ሌላ። ሁሉም በየራሱ የሚነሳና የሚቀየር ነው። ለመስኮት አስተዳዳሪነት ኦፕንቦክስን፣ ለአሞሌው ቲንት2ን፣ ለምናሌው ሮፊን መረጥኩ። ከተነሳ በኋላ ምንም ሳልከፍት ያየሁት የራም ፍጆታ ከ300 ሜጋባይት በታች ነው።

ኤክስ ራሱ ዕድሜ ጠገብ ነው። በፈረንጆቹ 1984 በኤምአይቲ ተጀመረ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ሥርዓት ስሙ «ደብሊው» ስለነበር በፊደል ተራ የሚቀጥለውን ወሰደ። እስከ ዛሬ የምንሠራበት 11ኛው ስሪት የወጣው በፈረንጆቹ መስከረም 1987 ነው፤ በእኛ መስከረም 1980። እትዬ ታይፕራይተሩ ፊት በተቀመጡበት ዓመት ማለት ነው።

ጥቅምት 3

ሁለተኛው ማሽን ላይ ያለው ባለ17 ኢንች ሞኒተር 1280 በ1024 የሆነ ነው፤ ኤክስ ግን ከ1024 በ768 በላይ አልሰጥም አለ። ነገሩ ያለው ከኬብሉ ነው። ሞኒተር ምን ምን መጠን እንደሚችል ለግራፊክስ ካርዱ የሚናገርበት መስመር በቪጂኤ ኬብሉ ውስጥ አለ፤ ይህ ኬብል ያ መስመር ተቆርጦበታል። ካርዱ የሚነግረው ስላጣ ማንኛውም ሞኒተር የማያቅተውን መጠን ያዘ። ሲቪቲ በሚባለው መሣሪያ ለ1280 በ1024 በ60 ኸርዝ የሚያስፈልገውን የጊዜ ልክ አስላሁ፤ 109 ሜጋኸርዝ አለኝ። ያንን ልክ የስክሪን መጠን በሚያዘው በኤክስራንድአር አስመዘገብኩና ሞኒተሩ ለተሰካበት መውጫ አስያዝኩት። ስክሪኑ አንዴ ጨለመ፣ ከዚያ ሙሉ ሆኖ መጣ። ትእዛዞቹን ኦፕንቦክስ ሲነሳ የሚያነበው የማስጀመሪያ ፋይል ውስጥ አስገባኋቸው።

ፎንት ላይ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ሰጠሁ፣ ይገባዋልም። መጀመሪያ የመስኮት ርዕሶች ሁሉ ባዶ ሳጥን ነበሩ። አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ስጭን ሳጥኑ ጠፋ፤ ፎንትኮንፊግ አማርኛ የያዘውን ፎንት ራሱ ፈልጎ ያመጣል። ግን መነበብ ብቻ አይበቃም። በ9 ነጥብ መጠን ‹ሱ› እና ‹ሲ› ጎን ለጎን አድርጌ በማጉያ አየኋቸው፤ የካዕቡ ቅጥያ ከወገብ፣ የሣልሱ ከእግር ነው የሚወጣው፤ በዚያ መጠን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ፒክስል ያህል ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ለሚያነብ ዓይን ይህ ግፍ ነው። ለስክሪኑ ኖቶን በ12 ነጥብ፣ ለሚታተመው አቢሲኒካን አደረግሁ። እትዬ ማታ ሲወጡ መነጽራቸውን እንደ ወትሮው ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን አዩና «አሁን ይታያል» አሉ።

ጥቅምት 5

ዛሬ ከቁልፉ እስከ ፊደሉ ያለው መንገድ ነበር ሥራዬ።

ዋናዎቹ 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ኪቦርዱ ላይ ያለው ቁልፍ መቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ ለአንድ ፊደል እየተባለ አይዘልቅም፤ የተመቱትን ቁልፎች አጠራቅሞ ፊደል የሚያደርግ አንድ አካል መሀል መቀመጥ አለበት። እኔ የተጠቀምኩት አይባስን ከኤም17ኤን ጋር ነው፤ የአማርኛው ስልት ደግሞ ሴራ (SERA) የሚባለው፣ በላቲን ቁልፍ ድምፁን እየመቱ የሚጻፍበት ነው። ኤስ ሲመታ ‹ስ› ሥሩ ተሠምሮበት ይታያል፤ የእንግሊዝኛው ኢ (e) ሲከተል ያው ፊደል ‹ሰ› ይሆናል፣ ዩ ቢሆን ‹ሱ›። ቀጣዩ ተነባቢ እስኪመታ ድረስ ፊደሉ ገና አልተቀመጠም።

ይህን በዓይን ለማየት ኤክስኢቪ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ድንቅ ነው። ነጭ መስኮት ይከፍታል፤ እዚያ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ መስመር በመስመር ይጽፋል። ኤስን ስመታ ቁልፍ ቁጥር 39 ይላል። አይባስ ጠፍቶ ከሆነ ቁልፉ በቀጥታ የላቲን ፊደል ሆኖ ያልፋል። አይባስ በርቶ ከሆነ ቁልፉ መንገድ ላይ እንደተያዘ ይነግርሃል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከየትኛውም ቁልፍ ያልመጣ አንድ መልእክት ይደርሳል፣ ሦስት ባይት ይዞ፤ ያ ነው ‹ሰ›። የየቋንቋው ፊደል ቁጥር በሚያገኝበት በዩኒኮድ መዝገብ ቁጥሩ 1230 ነው፤ የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ የተሰጠው ቁጥር። አንድ ፊደል ስክሪን ላይ እስኪያርፍ ስንት እጅ እንደሚያልፍ እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ደስም አለኝ።

ከሰዓት ግን ተያዝኩ። ብሮውዘሩ አማርኛ ይጽፋል፣ ሰነድ መጻፊያው ሊብሬኦፊስ ግን አይጽፍም። ቅንብሩን ሦስት ጊዜ ከለስኩ፤ የፕሮግራሞች መስኮት ለሚሠራባቸው ለጂቲኬም ለኪውቲም፣ ለኤክስም መስመሮቹ በየቦታቸው ናቸው። የተገኘው ከመሸ ነው። ራም ልቆጥብ ብዬ ሊብሬኦፊስን ያለ ጂቲኬ ክፍሉ ነው የጫንኩት፤ እንደዚያ ሲሆን ፊደል የሚቀበለው በኤክስ በራሱ በድሮው የግቤት መንገድ ነው። የአይባስን አገልጋይ ማስጀመሪያው ፋይል ላይ ስጽፈው ደግሞ ያንን መንገድ የሚከፍተውን ኤክስ የምትለውን አንዲት ፊደል አላከልኩም። ብሮውዘሩ የራሱ በር ስላለው ገባ፣ ሊብሬኦፊስ ውጭ ቀረ። ፊደሏን ጨመርኩ፣ ወጥቼ ገባሁ፣ ሠራ።

እትዬ ‹ጸ›ንና ‹ጨ›ን ከሴራው የተለየ ቁልፍ ላይ ለምደዋል። «ጣቴ በዚህ ዕድሜዬ አይማርም» አሉኝ፤ አላስገደድኳቸውም። የኤም17ኤን ስልቶች ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። የሴራውን ፋይል ወደ ቤታቸው ማኅደር ገለበጥኩና ለሁለቱ ፊደላት ሰባቱንም ቤት ከነዲቃላቸው እንደ ልማዳቸው ጻፍኩት። የቀረው እንዳለ ቀረ። ለአንዲት ጸሐፊ ጣት ሲባል የፊደል ሰሌዳን እንዲህ መቀየር መቻል ይህን ሥራ የምወድበት ምክንያት ነው።

ጥቅምት 6

ጠዋት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። የሊብሬኦፊስን ራስ ሰር ማስቀመጫ ወደ 2 ደቂቃ አወረድኩት።

የመስኮት ደንቦችን ጻፍኩ። ኦብኤክስፕሮፕን አስነስተህ መስኮቱን ስትነካ የመስኮቱን መደብ ይነግርሃል፤ ያንን ስም ኦፕንቦክስ ቅንብር ውስጥ ካስገባህ ያ መስኮት ሁልጊዜ የት እንደሚከፈት ትወስናለህ። ሊብሬኦፊስ ሙሉ ሆኖ በመጀመሪያው ገጽ፣ የፋይል ማሳያውና የፕሪንተሩ ወረፋ በሁለተኛው። እህቴ መስኮት ስትፈልግ የነበረውን ጊዜ ያስቀርላታል።

ጥቅምት 8

ወደ እትዬ ሁለተኛ ጥያቄ ገባሁ። የክስ አቤቱታ ሁልጊዜ አንድ አጽም አለው፦ የፍርድ ቤቱ ራስጌ ከከሳሽና ከተከሳሽ አድራሻ ጋር፣ በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ (በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር) 222 መሠረት የቀረበ የክስ አቤቱታ የሚለው ርዕስ፣ በ223 የማስረጃ ዝርዝሩ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በ92 መሠረት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የሚለው። እትዬ ይህን በቀን ሃያ ጊዜ ይመቱታል።

እያንዳንዱን ቁራጭ በየራሱ ፋይል አስቀመጥኩ። የፋይሎቹን ስም በቁጥር እንዲጀምር አደረግሁ፤ ሰው ኪቦርዱ በየትኛው ቋንቋ ላይ እንዳለ ሳያስብ እንዲመርጥ። ማረጋገጫው ያለበት ፋይል ስሙ 92 ነው፣ ርዕሱ 222፣ ማስረጃው 223። እትዬ እነዚህን ቁጥሮች ከስልክ ቁጥራቸው በላይ ያውቋቸዋል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ሲመቱ ሮፊ ዝርዝሩን ያወጣል፣ 92 ብለው ኢንተር ሲሉ ኤክስዱቱል ጽሑፉን በእሳቸው ፈንታ ፊደል በፊደል ይመታል።

ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ላይ ሞከርኩት፤ ጥሩ ነው። ሊብሬኦፊስ ላይ ሞከርኩት፤ አንድ ሁለት ሦስቴ ጥሩ ነው። አራተኛው ላይ እትዬ ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ከሳሽ ሁለት ሆነ።»

አየሁት። ‹ተከሳሽ› የሚለው ‹ከሳሽ› ሆኖ ወጥቷል። ‹ተ› ተበልታለች። ሌላ ቃል ላይ ቢሆን ማንም ግድፈት ነው ይላል፤ እዚህ ግን ቃሉ ትክክለኛ ቃል ነው፣ ፊደል አራሚም አይዘውም፣ የከሰሰውንና የተከሰሰውን ግን አገላብጧል። ያለ እትዬ ዓይን ያ ወረቀት ተፈርሞ መዝገብ ቤት ይገባ ነበር።

ሥራውን አቆምኩት። ምክንያቱን ሳላውቅ አልቀጥልም።

ጥቅምት 9

ምክንያቱ ከኤክስ አሠራር ነው። ኤክስ የሚያውቃቸው የቁልፍ ቁጥሮች ከ8 እስከ 255 ናቸው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ምልክት እንደሚሰጥ የሚናገር ሰንጠረዥ አለ። ‹ተ› ሰንጠረዡ ላይ የለችም። ኤክስዱቱል እሷን ለመምታት ባዶ የሆነ ቁጥር ይፈልግና ለጊዜው ‹ተ› ብሎ ይሰይመዋል፣ ይመታዋል፣ ከዚያ ስሙን ያነሳል። ለሚቀጥለው ፊደል ደግሞ እንደገና። በእያንዳንዱ ስያሜ ሰርቨሩ ሰንጠረዡ ተለውጧል ብሎ ለመስኮቶቹ ሁሉ ያስታውቃል፤ ፕሮግራሙ ያንን ሰምቶ አዲሱን ሰንጠረዥ እስኪያነብ ስሙ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁልፉ ይደርሰዋል፣ ትርጉሙ ግን የለም። ትንሹ ማረሚያ ፈጣን ስለሆነ ይደርሳል፤ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ያለ ሊብሬኦፊስ አንዳንዴ ይዘገያል።

በፊደላት መካከል ያለው ቆይታ ሲነሳ 12 ሚሊሰከንድ ነው። 100 አደረግሁት፤ መብላቱ በጣም ቀነሰ። ግን «በጣም ቀነሰ» ለፍርድ ቤት ወረቀት መልስ አይሆንም። ደግሞም 400 ፊደል ያለው ራስጌ በዚያ ፍጥነት 40 ሰከንድ ይፈጃል፤ እትዬ በእጃቸው ከዚያ በፊት ይጨርሱታል።

ፊደል በፊደል መምታቱን ጨርሶ ተውኩት። አዲሱ መንገድ፦ ጽሑፉን ኤክስክሊፕ ወደ ክሊፕቦርድ ይወስደዋል፤ ኤክስዱቱል የሚመታው ኮንትሮልና ቪን ብቻ ነው። እነዚያ ሰንጠረዡ ላይ ያሉ ቁልፎች ናቸው፣ ስያሜ አይፈልጉም። ሮፊ ከመከፈቱ በፊት የትኛው መስኮት ላይ እንደነበርን መለያ ቁጥሩን እይዛለሁ፣ ከተመረጠ በኋላ ወደዚያው መስኮት መመለሳችን እስኪረጋገጥ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እለጥፋለሁ። የእትዬ ጣት ገና ከቁልፉ ላይ ያልተነሳ እንደሆነ የተያዙትን ቁልፎች ለጊዜው እንዲለቅ የሚያደርገውን አማራጭም ጨመርኩ፤ አለዚያ ኮንትሮል ቪው ሌላ ትእዛዝ ይሆናል።

ጥቅምት 11

አዲሱ መንገድ ፊደል አይበላም። ግን ዛሬ ሌላ ጉድ አመጣ፣ ጥፋቱም የእኔው ነው።

እትዬ ኮፒ አድርገው የያዙት ነገር ካለ እንዳይጠፋባቸው ብዬ፣ ስክሪፕቱ መጀመሪያ የነበረውን ጽሑፍ ወደ ጎን እንዲያስቀምጥ፣ ቁራጩን እንዲለጥፍ፣ ከዚያ የነበረውን እንዲመልስ አድርጌ ነበር። ከሰዓት እህቴ 223ን ስትመርጥ የወጣው ጠዋት ለሌላ ደንበኛ ኮፒ ያደረገችው የስልክ ቁጥር ነው።

ኤክስ ላይ ኮፒ ማድረግ ጽሑፉን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አይደለም። ኮፒ ያደረገው ፕሮግራም «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብሎ ለሰርቨሩ ያስመዘግባል፣ ጽሑፉ እሱ ዘንድ ይቆያል። የሚለጥፈው ፕሮግራም በሰርቨሩ በኩል ባለቤቱን «ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ያኔ ብቻ ነው ጽሑፉ የሚተላለፈው። ኤክስክሊፕ ትእዛዙ ካለቀ በኋላም ከኋላ ሆኖ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ እሱ ከሞተ የሚሰጥ የለም። የእኔ ስክሪፕት ኮንትሮል ቪን መትቶ ወዲያው ባለቤትነቱን ለአሮጌው ጽሑፍ ሲመልስ፣ ሊብሬኦፊስ ጥያቄውን ገና አላቀረበም ነበር። ሲጠይቅ ያገኘው አዲሱን ባለቤት ነው።

ግማሽ ሰከንድ እንዲጠብቅ ባዝዘው ይሠራ ነበር፤ ማሽኑ እስኪያዘግም ድረስ። ስለዚህ መመለሱን ጭራሽ አወጣሁት። ኮፒ ያደረጉት ቢጠፋ እንደገና ኮፒ ያደርጋሉ፤ የአንዱ ደንበኛ ነገር የሌላው ክስ ውስጥ ቢገባ ግን ማን ያያል? ለእህቴም ለእትዬም ነገርኳቸው፣ ሁለቱም ያለ ክርክር ተቀበሉ።

ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ማሽኑን ሆን ብዬ አስጨነቅኩት። ብሮውዘር ከፈትኩ፣ ትልቅ ፋይል እንዲጨምቅ አዘዝኩት፣ በዚያ መሀል 92ን ሊብሬኦፊስ ላይ 200 ጊዜ እንዲለጥፍ አደረግሁ። እንደ ተራ ጽሑፍ አስቀመጥኩትና መስመሮቹን በሶርት ደርድሬ በዩኒክ አስቆጠርኩ። አንዲት ፊደል እንኳ የተለየችበት መስመር ቢኖር ለብቻው ይወጣል። የወጣው አንድ መስመር ነው፣ አጠገቡ 200።

ጥቅምት 13

ይህን ሁሉ የቻልኩት ኤክስ ላይ ማንኛውም ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ማየትና ቁልፍ መላክ ስለሚችል ነው። ያ ነገር ሌላ ፊት እንዳለው አውቅ ነበር፣ ዛሬ ግን በዓይኔ አየሁት። እትዬ አንድ የፍቺ ጉዳይ ሲጽፉ እኔ ከሌላ ክፍል በኔትወርክ ገብቼ ኤክስኢንፑትን በመፈተሻው አማራጭ አስነሳሁ። የሚመቷቸው የቁልፍ ቁጥሮች አንድ በአንድ ተዘረገፉ፤ 39፣ 38፣ 46። ምንም ልዩ ፈቃድ አልተጠየቅሁም፣ በእሳቸው አካውንት መግባቴ ብቻ በቃ። ወዲያው ዘጋሁትና ያደረግሁትን ነገርኳቸው።

እዚህ ሱቅ የሚጻፈው የሰው ገመና ነው። ስለዚህ ማሽኖቹን ለየሁ። እትዬና እህቴ በሚጽፉባቸው ሁለቱ ላይ ከሥራው ውጪ ምንም ፕሮግራም አይጫንም፣ የደንበኛ ፍላሽም አይሰካም። ሦስተኛው ፍላሽ የሚከፈትበት፣ ኢሜይል የሚታይበትና የሚታተምበት ይሆናል። እሱ ላይ ኤክስን ትቼ፣ የኤክስ ምትክ በሆነው በዌይላንድ የሚሠራውን የመስኮት አስተዳዳሪ ላብደብሊውሲን አስገባሁ። ዌይላንድ በፈረንጆቹ 2008 በክሪስቲያን ሆግስበርግ የተጀመረ ነው፤ እዚያ አንድ ፕሮግራም የሚሰማው ለራሱ መስኮት የተመታውን ቁልፍ ብቻ ነው። ላብደብሊውሲ ደግሞ ቅንብሩን የሚያነበው በኦፕንቦክስ አጻጻፍ ስለሆነ የቁልፍና የመስኮት ደንቦቼን ብዙም ሳልነካ አሻገርኳቸው። የቁራጭ ስክሪፕቱ እዚያ አይሠራም፣ አያስፈልግምም።

ሁለቱን የመጻፊያ ማሽኖችም አንድ ቀን ወደዚያ ማዞር እፈልጋለሁ። የአማርኛ ግቤቱን እዚያ በሚገባ ሳልፈትን ግን የእትዬን ወንበር አልነካም።

ጥቅምት 17

አራት ቀን ያለ እኔ ሠሩ። ዛሬ ሄጄ ከጎን ተቀመጥኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሽማግሌ በላስቲክ የተጠቀለለ የቤት ካርታ ይዘው ገቡ። የችሎት ቀጠሯቸው አራት ሰዓት ነው። እትዬ ራስጌውን ጠሩ፣ ስማቸውን ጠየቁ፣ ጻፉ። የክሱን ፍሬ ነገር ሽማግሌው እየተናገሩ እሳቸው እየመቱ፣ አንዳንዴ አቁመው «ይህን በየትኛው ዓመት አሉኝ?» እያሉ ጊዜ ሰጡት። ከዚያ 223፣ ኢንተር። 92፣ ኢንተር። ታተመ። ሽማግሌው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡና ፈረሙ።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የዕግዱንም ጨምርልኝ። የይግባኙን ደግሞ ነገ አነብልሃለሁ፣ ትጽፈዋለህ።»

የዕግዱን እዚያው ከአሮጌ ወረቀት አይቼ ጻፍኩት፤ እሳቸው ቃል በቃል አረሙኝ፣ ‹ይታገድልኝ› የሚለው ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ አስነሱኝ። ፋይሉን 154 ብለው ራሳቸው ሰየሙት። አሁን ማኅደሩ ውስጥ አምስት ቁራጭ አለ።